ብርቱካን የሚሸተው የግራሶ ማስለቀቂያ

ኮምቦልቻ ባጃጅ እጠግናለሁ። 11 ዓመት ሙሉ እጄን የታጠብኩት በቤንዚንና በኦሞ ነው። ማታ እንጀራ ስቆርስ ጣቴ ነዳጅ ነዳጅ ይላል።

ባለፈው ወር መለዋወጫ ልገዛ ደሴ ወጣሁ። ፒያሳ ያለው ሻጭ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ አወጣልኝ። «ከብርቱካን ልጣጭ የተሠራ ነው። አብሽር፣ ተፈጥሮ ስለሆነ ምንም አያደርግህም» አለኝ። 650 ብሎ በ600 ተስማማን።

ጀርባው ላይ «ሊሞኒን» ይላል። ብርቱካን ስትልጥ ዓይንህ ውስጥ ቱር የሚለው ዘይት አብዛኛው እሱ ነው። የጭማቂ ፋብሪካዎች ከልጣጩ ያወጡታል። ሽቶና ሳሙና ውስጥም ይገባል።

መጀመሪያ ተበሳጨሁ። እጄን አርጥቤ ስቀባው ግራሶው ንቅንቅ አላለም። ለካ ከውሃ ጋር አይዋሃድም፣ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በማግስቱ በደረቅ እጄ አሸሁት። ከጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር ሳይቀር ለቀቀ፤ ከዚያ በሳሙና ታጠብኩ። የባጃጅ መስታወት ላይ የቀረ የስቲከር ሙጫም ቀብቼው ጥቂት ስጠብቅ በጨርቅ ተጠርጎ ወጣ። ምላጭ አላስፈለገኝም።

አንድ ጠብታ ቴሌቪዥን ታሽጎበት በሚመጣው ነጭ ፎም ላይ ወድቆ አየሁ። ፎሙ ሟሙቶ ጉድጓድ ሆነ። የጃፓኑ ሶኒ ያገለገለ ፎም በዚሁ እያሟሟ መልሶ ይጠቀምበት ነበር። እኔ ግን የደንበኛ ዳሽቦርድ ላይ አልሞክረውም።

«ምንም አያደርግህም» የተባለውን ተዉት። 48 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ተኑ በእሳት ብልጭታ ይያያዛል። የኮምቦልቻን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። ጎረቤቴ ደግሞ በያጅ ነው! ጠርሙሱን ወደ ጓዳ አስገባሁት።

ሌላው ጣጣ ቆዳ ነው። ክዳኑን ሳልዘጋ ሳምንት ከረመ። ከዚያ በኋላ ስጠቀምበት አንጓዬ ቀልቶ አሳከከኝ። አየር ሲያገኘው ቆዳ የሚያስቆጣ ነገር ይፈጠርበታል። ደህናውም ቢሆን የእጅን ወዝ ይመጥጣል፤ ቫዝሊን አትርሱ።

ለእጅና ለሙጫ ይግዙት እላለሁ፣ ግን ትንሿን ጠርሙስ። ለሞተር ዕቃ ማጠቢያ 600 ብር ማፍሰስ ዕብደት ነው። የኔን አሁን ቆልፌበታለሁ። ረዳቴ የባጃጅ ቸርኬ ሊያጥብበት ሲል ነው የደረስኩበት።