የአይጥ የሽታ ሪሴፕተር አንቲቦዲዎች፦ የትኛው ይገዛል?

በካታሎግ ላይ ለሽታ ሪሴፕተር (አፍንጫ ውስጥ ሽታን ለሚቀበል ፕሮቲን) የተሠራ አንቲቦዲ፣ ማለትም ፕሮቲኑን ይዞ ቦታውን የሚያሳይ ሞለኪውል፣ ሞልቷል። ቲሹ ላይ የሚታመነው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አይጥ ከ1,000 በላይ የሚሠሩ የሽታ ሪሴፕተር ጂኖች ስላሏት፣ ለአንዱ የተሠራ አንቲቦዲ የቅርብ ዘመዱንም ቢይዝ አይገርምም።

ደግነቱ ማረጋገጫው በዓይን የሚታይ ነው። አንድ የበሰለ የሽታ ነርቭ ሴል ከነዚህ ጂኖች የሚያወጣው አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ደህና አንቲቦዲ ኤፒተልየሙ (የአፍንጫ የሽታ ሽፋን) ላይ በአንድ ዞን ውስጥ እዚህም እዚያም የተበተኑ ሴሎችን ያሳያል፤ ሲሊያው (የሴሉ ፀጉር መሰል ክሮች) እና የዴንድራይቱ (ወደ ሽፋኑ ገጽ የሚዘልቀው የነርቩ ቅርንጫፍ) ጫፍ ይደምቃሉ። ኦልፋክቶሪ ባልቡ (ሽታን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል) ላይ ደግሞ በውስጠኛውና በውጨኛው ጎን ጥቂት ግሎሜሩሎች (የሽታ ነርቮች ጫፎች የሚሰበሰቡባቸው ክብ ቋጠሮዎች) ብቻ ይበራሉ። ኤፒተልየሙን ከዳር እስከ ዳር ካቀለመ፣ ወይም የቦውማን እጢዎችን (የሽፋኑን ንፍጥ አመንጪዎች) ብቻ ካደመቀ፣ ብሩ ባክኗል።

አምራቹ የሚያሳየው ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል ላይ በመጠን ለይቶ በአንቲቦዲ የማየት ዘዴ) ብቻ ከሆነ እንለፈው እንላለን። የሽታ ሪሴፕተሮች ሁሉም ለማለት ይቻላል 35 ኪሎዳልተን ገደማ ስለሆኑ እዚያ የታየ መስመር የትኛው እንደሆነ አይናገርም። በፔፕታይድ ማገድም (አንቲቦዲውን በተሠራበት የፕሮቲን ቁራጭ አስቀድሞ መሙላት) ያው ነው፤ አንቲቦዲው ፔፕታይዱን መያዙን እንጂ ሌላ አለመያዙን አያሳይም። ጂኑ የጠፋባት አይጥ ቲሹ ላይ ምልክቱ ሲጠፋ ማየት ነው ዋናው። እሷ ካልተገኘች ተከታዩ ቁራጭ ላይ ኢን ሲቱ ሃይብሪዳይዜሽን (የጂኑን አር.ኤን.ኤ ቲሹው ላይ የማሳየት ዘዴ) ሠርቶ የሴሎቹን ብዛትና ዞን ማነጻጸር ይበቃል።

በምርምር ቤቶች ተሠርተው በደንብ የተፈተኑት፣ እንደ ኤም.ኦ.አር 28 እና ኤም 71 ላሉ የአይጥ ሪሴፕተሮች የተሠሩት፣ ከካታሎግ ይልቅ ከላቦራቶሪዎቹ ቢጠየቁ ይሻላል።

አዘገጃጀቱ ላይ ብዙ ሰው የሚሸነፈው በአጥንቱ ነው። የአዋቂ አይጥ አፍንጫ በፊክሳቲቩ (ቲሹን እንዳይበላሽ በሚያጸናው ፈሳሽ)፣ በ4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ፣ ከጸና በኋላ አጥንቱ ካልሲየሙን አጥቶ እንዲለሰልስ በ0.5 ሞላር ኢ.ዲ.ቲ.ኤ (ፒኤች 8) በ4 ዲግሪ ለቀናት ይቆያል። አሲድ ፈጣን ነው፣ ግን ኤፒቶፑን (አንቲቦዲው የሚይዘውን ቦታ) ይጎዳል። አዲስ የተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ይህን ማለስለስ አይፈልጉም። ፊክሳቲቩ ውስጥ ከልክ በላይ መቆየትም ምልክቱን ይደብቃል። ከዚያ 30 በመቶ ሱክሮስ፣ ኦ.ሲ.ቲ (ቲሹ የሚቀዘቅዝበት ማቀፊያ)፣ ከ14 እስከ 16 ማይክሮን ቁራጭ።

ብሎት የግድ ከሆነ ናሙናውን አያፍሉት፤ ሪሴፕተሩ ተጣብቆ ጄሉ አናት ላይ ይቀራል። በ37 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይበቃዋል።

የበሰሉ ነርቮችን ለመለየት የዋኮ ኩባንያ የፍየል ፀረ ኦ.ኤም.ፒ (የበሰሉ የሽታ ነርቮች መለያ ፕሮቲን) አንቲቦዲ ያለ ማመንታት የሚገዛ ነው። ግን ከጥንቸል አንቲቦዲ ጋር ሲጣመር ሁለቱም ሁለተኛ አንቲቦዲዎች (የመጀመሪያዎቹን ይዘው የሚያበሩት) ከአህያ ይሁኑ፤ ያልተፈለገ መጣበቅን የሚከላከለው ማገጃ ሴረምም እንዲሁ። የፍየል ሴረም ከገባ ፀረ ፍየሉ እሱንም ይይዝና ስላይዱ በሙሉ ያበራል።