«በመኪናችሁ ልክ ሰስፔንሽን እንሠራለን» ለሚላችሁ ሰው ቀብድ አትክፈሉ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ የጭነት መኪኖች የምትሠሩ ወገኖች፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በቴሌግራም «የመኪናችሁን ፎቶ ላኩ፣ በልኳ ሰስፔንሽን እንሠራለን» እያለ ሞላና ሾክ የሚሸጥ ሰው አለ። 4,000 ብር ይጠይቃል። ግማሹን በቅድሚያ በቴሌብር ይቀበላል። ለእህቴ ልጅ የላከለትን ዕቃ ብሎን በብሎን ፈትቼ አይቼዋለሁ። በልክ የተሠራ አንድም ነገር የለበትም።

ልጁ የሠራው ኤንትሬ ነው። ያ በአሰብ መንገድ ላይ ዕድሜውን የጨረሰው አሮጌ የፊያት ጭነት መኪና። ሻንሲው ከቻይና የመጣ፣ በ1ለ16 መጠን የተሠራ ነው። ካቢኑን ግን ከዘይት ቆርቆሮ ራሱ ቀጥቅጦ ነው ያወጣው። በጣም ያምራል። ችግሩ ቆርቆሮ ከፕላስቲክ ይከብዳል፤ የፋብሪካው ሞላ አልቻለውም፣ ፊቱ መሬት ሊነካ ደረሰ። ስለዚህ ከፊት ጠንከር ያለ ሾክ፣ ከኋላ ደግሞ እንደ እውነተኛው ኤንትሬ ባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራ ሞላ፣ አዘዘ።

ሻጩ ፎቶና ርዝመት ጠየቀው። ክብደት አልጠየቀውም። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። ሞላ የሚመረጠው በክብደት ነው። መኪናዋ መሬት ላይ ቆማ በራሷ ክብደት ሾኩ ካለው እንቅስቃሴ ሩብ እስከ ሲሶ ያህል ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ የሚያገኘው ከዚያ ነው። ፊቱ ስንት ግራም፣ ኋላው ከነጭነቱ ስንት ግራም እንደሚመዝን የማያውቅ ሰው ይህን በምን ያሰላል? አያሰላም። ያለውን ይልካል።

ለዚህም ማስረጃ አለኝ። ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ጓደኛችን ከዚሁ ሰው ገዝቷል። የእሱ መኪና 1ለ10 ነው፣ ፕላስቲክ ካቢን ያለው። ዕቃውን ጎን ለጎን አስቀመጥነው። ሾኩ ከቀዳዳ መሀል እስከ ቀዳዳ መሀል ርዝመቱ እኩል ነው። የሞላው ሽቦ ውፍረት አንድ ነው። ጥቅልሉን ብትቆጥሩትም ያው ነው። መጠናቸውም ክብደታቸውም የማይገናኝ ሁለት መኪኖች በልካቸው ተሠርቶላቸው አንድ ዓይነት ዕቃ ሊደርሳቸው አይችልም።

ሾኮቹን «ኦይል ሾክ» ብሎ ነው የሸጠው። አንዱን ስከፍተው ደረቅ ነው። ሁለተኛው ውስጥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አለ፣ እሱም ገና ሳይነዳ በዘንጉ በኩል ያንጠባጥባል። ሞላው መኪናዋን ይሸከማል፤ ሾኩ ደግሞ የሞላውን መንጠር ያበርዳል። ውስጡ ያለው ፒስተን ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ ዘይቱ በእነሱ በኩል በግድ ሲያልፍ ነው እንቅስቃሴው የሚዘገየው። ለዚህ የሚሆነው የሲሊኮን ዘይት ነው። የሞተር ዘይት አንዳንዱን ኦሪንግ፣ ማለትም ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት፣ ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ማፍሰስ ይጀምራል። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሞላውን አውልቁና ዘንጉን መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ፣ ቀጥሎ በፍጥነት ግፉት። በፍጥነት ሲገፋ በደንብ ካልከበደ ዘይቱ ሥራውን እየሠራ አይደለም።

ባሌስትራው ይብሳል። ጥቁር የተቀባ ተራ ላሜራ ነው። በጣት ሲያጎብጡት እንደጎበጠ ይቀራል። ባሌስትራ ማለት ጎብጦ የሚመለስ ብረት ነው፤ የማይመለስ ከሆነ ቆርጦ መጣል ነው። በዚያ ላይ ቅጠሎቹን በሱፐር ግሉ አጣብቋቸዋል። ቅጠሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ካልተንሸራተተ አንድ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ሆኑ ማለት ነው። ሁለቱም ጫፍ ደግሞ ሻንሲው ላይ በብሎን እንዲታሰር ነው ያዘጋጀው። ባሌስትራ ሲጫን ይለጠጣል፣ ርዝመቱ ይጨምራል። አንደኛው ጫፍ የሚወዛወዝ ማንጠልጠያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ማንኛውንም የጭነት መኪና ከሥር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ይኸው ነው ያለው። ይህን የማያውቅ ሰው በምን ድፍረት ሰስፔንሽን ሠሪ ነኝ ይላል?

ልጁ ገጥሞት ቦርከና ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ነዳው። መኪናዋ ደርቃ ቆመች። አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ሌላው አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ትገለበጣለች። ስንት ሌሊት የለፋበት ካቢን ጎኑ ተጨረማመተ። ለብሩ አይደለም፣ ለዚያ ልጅ ልፋት ነው የተቆጨሁት። ሻጩ ሲደወልለት «ድንጋይ ላይ ንዱ አላልኩም» አለ። ከዚያ ስልኩን ዘጋው።

በልክ ማሠራት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ መኪናችሁን መዝኑ። የወርቅ ቤት ወይም የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። የፊት ጎማዎቹን ሚዛኑ ላይ፣ የኋላዎቹን በሚዛኑ ቁመት ልክ መጽሐፍ ላይ አድርጉ። ከዚያ አዙሩ። ቁጥሩን ለሠሪው ላኩ። ምን እንደሚያደርግበት የማይገባው ከሆነ ተዉት። ቪዲዮም ጠይቁ፦ መኪናዋን በእጁ ወደ ታች ተጭኖ ይልቀቃት። ደህና ሾክ ረጋ ብሎ ተነስቶ ይቆማል። ደጋግሞ ከነጠረ በዘይት አልተሠራም። ቀብድ ከተባለ ደግሞ ደረሰኝ ያለው ቶርኖ ቤት ይሻላል፣ ቢያንስ ሄዳችሁ የምታናግሩት ሰው አለ።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ የተጻጻፋችሁትንና የቴሌብር ማረጋገጫውን እንዳታጠፉ። ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው፤ የሸማቾችን መብት የሚያስከብረው አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አለ። እኔና የኮምቦልቻው ጓደኛችን ማስረጃችንን ይዘን ንግድ ጽሕፈት ቤት ልንሄድ ነው። አብራችሁን መሄድ የምትፈልጉ ጻፉልኝ፤ ብዙ ስንሆን ይሰሙናል። ሰውየው የገጹን ስም ቀይሯል፣ ፎቶዎቹ ግን ያው ናቸው። ቀይ ሾክ ከወርቃማ ሞላ ጋር፣ ነጭ ሴራሚክ ላይ የተነሳ። እሱን ካያችሁ ብር አትላኩ።