በማኑዋልና በአውቶማቲክ መካከል ስናመነታ ለረዱን መካኒክ የቀረበ ምስጋና

ያገለገለ መኪና ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አነስተኛ ጋራዥ ያላቸውን አንድ አንጋፋ መካኒክ በአደባባይ ላመሰግናቸውና ልጠቁማችሁ ወደድኩ። ስማቸውና ስልካቸው በይፋ እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ አልጠቀስኩም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን በፈቃዳቸው አድራሻቸውን እሰጣለሁ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ያልተዘጋጀ ቤተሰብ ያለው አማራጭ አገር ውስጥ ሲነዱ ከቆዩት መካከል መፈለግ ነው። እኔና ባለቤቴም ከብዙ ፍለጋ በኋላ ሁለት መኪኖች ቀርበውልን ነበር፤ አንዱ ባለ አምስት ማርሽ ማኑዋል (ማርሹን ነጂው በእጁ የሚቀይርበት) ያሪስ፣ ሌላው ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ (ማርሹን ራሱ የሚቀይር) ቪትዝ። ወንድሜ በጥገና ወጪው ምክንያት ከማኑዋል ሌላ እንዳንነካ ሲመክረን፣ ደላላው ደግሞ አውቶማቲኩ ሳይሸጥብን ቀብድ እንድንከፍል ያጣድፈን ነበር።

መካኒኩ ስለ መኪኖቹ ከመናገራቸው በፊት «የሚነዳው ማን ነው? የምትውሉበትስ መንገድ የት ነው?» ብለው ጠየቁን። ባለቤቴ የግራ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሲሆን፣ የዕለት መንገዳችን ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በፒያሳ በኩል ቸርችል ጎዳናን ወደ ለገሃር የሚወርድ፣ ማታ ደግሞ ያንኑ ዳገት በመኪና ሰልፍ ውስጥ የሚወጣ ነው። ማኑዋል መኪና ላይ ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው ፔዳል) የሚረገጠው በግራ እግር በመሆኑ፣ በእንዲህ ያለ ሰልፍ የባለቤቴ ጉልበትም የፍሪሲዮኑ ሸራም አብረው እንደሚጎዱ አስረዱን። ይህን ብለውም የማኑዋልን ጥቅም አልሸሸጉም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፣ አየሩ ከመሳሳቱ የተነሣ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ስለዚህ በትንሽ ሞተር ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ዳገቱ ሳይጀምር ማርሹን ራሱ ቀንሶ መግባት መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነው፣ የቆየ አውቶማቲክ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው ጉልበት ካጠረው በኋላ ነው።

ምክሩ ወደ አውቶማቲክ ቢያደላም፣ ከፊታችን የቆመውን ቪትዝ ግን እንዳንገዛው ነገሩን። እግራቸውን ፍሬን ላይ እንዳደረጉ ማርሹን ከኤን (ነፃ) ወደ ዲ (ወደፊት መንጃ) አስገቡትና ጠበቁ፤ ከአንድ ሰከንድ ብዙም ሳይዘገይ መያዝ የነበረበት ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ቆይቶ በኃይል ነጠረ። ከዚያም ከነዱት በኋላ የካምቢዮ ዘይት መለኪያውን መዝዘው በነጭ ጨርቅ ጠረጉት፤ ቀላ ያለና ጥርት ያለ መሆን የሚገባው ዘይት ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ነበረው። ሻጩ የካምቢዮ ዘይት ዕድሜ ልክ አይቀየርም ብሎን ስለነበር፣ ያችን ጨርቅ ባናሸት ኖሮ እናምነው ነበር።

ያሪሱንም አልማሩትም። የእጅ ፍሬኑን ይዘው፣ አራተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ለቀቁ፤ መጥፋት የነበረበት ሞተር ሳይጠፋ ቀጠለ፣ ይህም ሸራው እንደሚንሸራተት ያሳያል። ሆኖም የሁለቱ ጉድለት እኩል እንዳልሆነ ገለጹልን፤ ሸራው፣ ፕሌቱና ኩሽኔታው ሶማሌ ተራ ተገዝተው ቢቀየሩ መኪናው ይስተካከላል፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጡ ሲጎዳ ግን ወይ ሙሉ በሙሉ ተፈቶ መሠራት ወይም ታሪኩ በማይታወቅ ያገለገለ ካምቢዮ መተካት አለበት።

በእኔ ዘንድ ከሁሉ በላይ ያስከበራቸው፣ ከሽያጩ የሚሰጣቸውን የድለላ ድርሻ ባለመቀበል የምርመራ ዋጋቸውን ብቻ መውሰዳቸው ነው። በኋላ ያገኘነውን ሌላ አውቶማቲክ በዚያው ጥንቃቄ መርምረው ግዙት አሉን፤ ዘይቱንም እኛው ፊት ቀየሩት። ቁልቁለት ስንወርድ ፍሬን ብቻ እየረገጥን እንዳናሞቀው፣ ማርሹን ወደ ሁለት ወይም ወደ ኤል ዝቅ አድርገን ሞተሩ እንዲይዘው ለባለቤቴ አጠገቡ ተቀምጠው አሳዩት። ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ወደ እሳቸው የምትሄዱ ሰዎች መኪናውን በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ውሰዱላቸው፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከመጣ ምርመራውን ለሌላ ቀን ያስተላልፉታል። ካምቢዮው ሲቪቲ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በሁለት ፑሊዎች መካከል በሚዞር የብረት ቀበቶ የሚሠራ በመሆኑ ዘይቱ ከተለመደው የአውቶማቲክ ዘይት የተለየ ነው፣ እሳቸውም ትክክለኛውን ዓይነት ሳያረጋግጡ አይሞሉም።