«ፍተሻው በነጻ» የሚል የኤሲና የማሞቂያ ተከላ ውል ላይ ከመፈረማችሁ በፊት

ለቤታችሁ፣ ለቢሯችሁ ወይም ለምታሠሩት ሕንፃ ማቀዝቀዣና ማሞቂያ የምታስተክሉ ሁሉ፣ ይህን አንብባችሁ ለሌላውም አድርሱት። ከዋጋ ማቅረቢያው ግርጌ «ቴስቲንግና ኮሚሽኒንግ፦ በነጻ» (ከተከላ በኋላ ተፈትሾና ተለክቶ ሥራ የማስጀመር ሥራ) የሚል መስመር ካያችሁ ቆም በሉ። ሥራው በወጉ ከተሠራ የናይትሮጅን ሲሊንደር፣ ቫኪዩም ፓምፕ፣ ዲጂታል የቫኪዩም ጌጅና ሚዛን ይፈልጋል፤ ለአንዲት ግድግዳ ላይ ኤሲ እንኳ ሰዓታትን፣ ለትልቅ ሕንፃ ደግሞ ሳምንታትን ይወስዳል። ይህን ሁሉ በነጻ የሚሰጥ የለም። ወይ ዋጋው ሌላ መስመር ውስጥ ገብቷል፣ ወይ ሥራው ይዘለላል። አብዛኛውን ጊዜ ይዘለላል።

በርክክቡ ቀን የምታዩት ነገር ይታወቃል፤ ሪሞቱ ይጫናል፣ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል፣ እጃችሁን አስጠግታችሁ «ይሠራል» ትላላችሁ፣ ትፈርማላችሁ፣ ቀሪው ክፍያ ይለቀቃል። የመጀመሪያ ቀን ቅዝቃዜ ግን ምንም አያረጋግጥም። ቱቦው ውስጥ አየርና እርጥበት የቀረበት፣ በፍሌሩ (አፉ ተከፍቶ በነት በሚጠብቀው የቱቦ መገጣጠሚያ) በኩል በቀስታ የሚያፈስ ሲስተምም በዚያ ቀን ያቀዘቅዛል። ጉዳቱ የሚወጣው ወራት ቆይቶ ነው፤ ያኔ ደግሞ «ጋዙ አልቋል» ትባላላችሁ። የኤሲ ማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ዝግ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ስለሆነ ከጎደለ ወይ ሲጀመር በልኩ አልተሞላም፣ ወይ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው።

የመጀመሪያው የሚዘለል ፍተሻ የናይትሮጅን ግፊት ነው። ቱቦው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ፣ የውጪው ክፍል (ከቤት ውጭ የሚቀመጠው ማሽን) ቫልቮች ሳይከፈቱ፣ ደረቅ ናይትሮጅን በሬጉሌተር ይገባል። መጀመሪያ ወደ 5 ባር ተሞልቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ቀጥሎ ወደ 15 ባር፣ ከዚያ መመሪያው ወደሚለው ሙሉ ግፊት። አር-410ኤ ለተባለው የኤሲ ጋዝ ይህ ብዙውን ጊዜ 41 ባር አካባቢ ነው፤ የመጨረሻው ዳኛ ግን የመሣሪያው መመሪያ ነው። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በሳሙና አረፋ ይታያል፣ ከዚያ ለ24 ሰዓት ይተዋል። ሲጀመርም ሲያልቅም ከግፊቱ ጎን የአካባቢው ሙቀት መመዝገብ አለበት። በዚህ ግፊት ላይ አየሩ በ5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ምንም ፍሳሽ ሳይኖር ጌጁ ወደ 0.7 ባር ዝቅ ይላል። ሙቀቱ ካልተጻፈ ቁጥሩ ስለ ፍሳሽ የሚነግራችሁ ነገር የለም፤ የሙቀት ዓምድ የሌለው የግፊት ሪፖርት ከመጣላችሁ መልሱት።

አንድ ነገር ግን ለድርድር አይቀርብም፤ በናይትሮጅን ፈንታ የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ የመጣን ሰው ወዲያው አስቁሙት። በግፊት ያለ ኦክስጅን ከኮምፕሬሰር (ጋዙን ከሚጨምቀው ሞተር) ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ሰው ይሞታል።

ሁለተኛውና እጅግ የሚሰረቀው ቫኪዩም ነው፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ መጥጦ ማውጣት ማለት ነው። አቋራጩ እንዲህ ነው፤ ቴክኒሻኑ የአንዱን ቫልቭ ለአፍታ ከፈት ያደርግና በሌላው በኩል ጋዙን እያስተነፈሰ «አየሩን አስወጣሁት» ይላል። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አየሩ ሁሉ አይወጣም፣ ከቱቦው ግድግዳ ላይ የተጣበቀው እርጥበት ደግሞ ጨርሶ አይነቃነቅም። ውስጥ የቀረ አየር ኮንደንሰሩ (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል) ላይ ግፊቱን ስለሚያንረው ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት ይለፋል፣ የመብራት ክፍያችሁም ይጨምራል። እርጥበቱ ይብሳል። አዳዲሶቹ ጋዞች የሚጠቀሙበት ፖሊዮል ኤስተር ዘይት ውኃ ይስባል፣ ከውኃው ጋር ተዋህዶ አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱም የሞተሩን ጥቅልል ሽፋን ይበላል። ኮምፕሬሰሩ ሲቃጠል «የኃይል መዋዠቅ ነው» የሚል ምክንያት ይሰጣችኋል።

ትክክለኛው ቫኪዩም የሚለካው ማይክሮን በሚባል በጣም ትንሽ የግፊት መለኪያ ነው። የከባቢ አየር ግፊት 760,000 ማይክሮን ሲሆን የሚፈለገው 500 ወይም ከዚያ በታች ነው። በባለ ቀስት ማኒፎልድ ጌጅ ላይ 5,000ና 500 ማይክሮን አንድ ዓይነት ስለሚመስሉ ዲጂታል የቫኪዩም ጌጅ የሌለው ሰው ቫኪዩም መሥራቱን እሱ ራሱም አያውቅም። «ለ15 ደቂቃ ፓምፕ አድርገናል» የሚል መልስ አትቀበሉ። የቱቦው ርዝመትና እርጥበቱ ስለሚለያይ ሰዓቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው ቁጥሩ ነው። 500 ሲደርስ ፓምፑ በቫልቭ ይለያል፣ ጌጁም ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ይጠበቃል። ትንሽ ከፍ ብሎ ከ1,000 በታች ከቆመ ጥሩ ነው። ወደ 1,500 ወይም 2,000 ወጥቶ እዚያ ከረጋ ውስጥ እርጥበት አለ። ሳያቆም ሽቅብ ከሄደ ፍሳሽ አለ። ይህን አሥር ደቂቃ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ፤ ከጠቅላላው ተከላ ውስጥ በዓይናችሁ ልታዩት የሚገባው ቅጽበት ይህ ነው። ሲስተሙ ቫኪዩም ውስጥ እያለ ግን ኮምፕሬሰሩ በኃይል መነሳትም፣ በሜገር (የሽቦ ሽፋንን በከፍተኛ ቮልቴጅ በሚፈትሽ መሣሪያ) መፈተሽም የለበትም፤ ውስጡ ብልጭታ ፈጥሮ ጥቅልሉን ያበላሸዋል።

ጋዝ አሞላል ላይ ደግሞ ሚዛን የሌለበት ቦታ ሁሉ ግምት አለ። የውጪው ክፍል ከፋብሪካ የሚመጣው ለተወሰነ የቱቦ ርዝመት የሚበቃ ጋዝ ይዞ ነው። መመሪያው «እስከ 7.5 ሜትር ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ሜትር 20 ግራም» ካለና የእናንተ ቱቦ 15 ሜትር ከሆነ 150 ግራም ይጨመራል፤ የተጨመረውም ክፍሉ ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፋል። «ጌጁ ይህን ያህል ሲል ይበቃል» የሚለው ስሌት አያዛልቅም፤ ግፊቱ ከውጭው ሙቀት ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ ስንት ግራም እንዳለ ብቻውን አይናገርም። አር-410ኤ የሁለት ጋዞች ድብልቅ ስለሆነ ከሲሊንደሩ በፈሳሽነቱ መውጣት አለበት። ሲበዛ ፈሳሽ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። ሲያንስ የውስጡ ኮይል (አየሩን የሚያቀዘቅዘው ጥምዝ ቱቦ) በረዶ ይይዛል፣ በሚመለሰው ጋዝ የሚቀዘቅዘው ሞተርም ይግላል።

ቀላሎቹን በአጭሩ። የውኃ መውረጃው በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ያዘቅዝቅ፤ ጣሪያ ከመዘጋቱ በፊት ትሪው ላይ ሁለት ሊትር ውኃ ደፍታችሁ በሌላው ጫፍ መውጣቱን እዩ። ቮልቴጁ ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ ይለካ፣ አምፒሩም ማሽኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ይነጻጸር። ባለ ሦስት ፌዝ ስክሮል ኮምፕሬሰር የፌዝ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ይጮኻል እንጂ አይጨምቅም፣ ሳይቆይም ይበላሻል።

ትልቅ ሕንፃ ላይ ማጭበርበሩ ወረቀት ላይ ይሠራል። የአየርና የውኃ ማመጣጠን ሪፖርት ሲቀርብላችሁ «የታቀደ» እና «የተለካ» የሚሉትን ዓምዶች ጎን ለጎን እዩ። በሰነዱ 250 ሊትር በሰከንድ የሚል ግሪል (የአየር መውጫ) ሁሉ ሲለካም 250 ከሆነ ማንም አልለካውም። እውነተኛ ልኬት 238፣ 261፣ 244 እያለ ይበተናል፤ ከታቀደው በላይም ሆነ በታች 10 በመቶ ልዩነት ተቀባይነት ያለው የተለመደ ወሰን ነው። የመለኪያው መለያ ቁጥር፣ የካሊብሬሽን ቀኑና የዕለቱ የውጭ ሙቀት ከሌሉ፣ ወይም መቶ ፋን ኮይል (በየክፍሉ የሚገጠም ማራገቢያና ኮይል ያለው ማሽን) በአንድ ቀን «ተፈትሾ» ከተገኘ፣ አትፈርሙ። አምስት በመቶ ያህሉን ግሪሎች ራሳችሁ መርጣችሁ ፊታችሁ ይለኩላችሁ። ምርጫውን ለእነሱ አትተዉ።

የአየር መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል አየር ሲያንሰው የአንዳንድ ተቋራጭ መፍትሔ ዳምፐሮቹን (አየሩን የሚመጥኑትን መዝጊያዎች) ከማስተካከል ይልቅ የፋኑን ፍጥነት መጨመር ነው። የፋን ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ 10 በመቶ የአየር ጭማሪ 33 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ ኃይል ይበላል፤ ማሽኑ እስካለ ድረስ በየወሩ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

የውኃ መስመሮች ከማመጣጠን በፊት መታጠብ አለባቸው፣ ያውም ውኃው በኮይሎቹ ውስጥ ሳያልፍ በባይፓስ በኩል። ከእጥበት በኋላ ስትሬነሮቹ (የውኃ መስመር ማጣሪያዎቹ) ፊታችሁ ይከፈቱ። የብየዳ ቅርፊትና አሸዋ ካገኛችሁ ቀድሞ የተደረገው ማመጣጠን ዋጋ የለውም፤ ቆሻሻው እየተጠራቀመ ሲሄድ ፍሰቱ ሁሉ ይለወጣል።

በጋዝ ወይም በናፍጣ የሚሠራ ቦይለር ካለ ያለ ጭስ መተንተኛ የተደረገ ርክክብ የሕይወት ጉዳይ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ «እሳቱ ሰማያዊ ነው» ማለት ልኬት አይደለም። የሴፍቲ ቫልቩ መክፈቻ ግፊትና የማስፋፊያ ታንኩ የአየር ግፊት በቁጥር ይመዝገቡ።

ውሉ ውስጥ «ኮሚሽኒንግ ይደረጋል» የሚል ነጠላ ቃል አይበቃም። የናይትሮጅን ግፊቱና የ24 ሰዓቱ ጥበቃ፣ የ500 ማይክሮን ገደቡ፣ በሚዛን የተመዘነው ጋዝና አምፒሩ በየመስመሩ ይጻፉ፤ ልኬቱ የሚደረገውም ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ባለበት ነው ይባል። ዋጋውም ለብቻው ይቀመጥ። ለቀሪው ክፍያ መልቀቂያ የሚሆነው የማሽኑ መነሳት ሳይሆን የተፈረመው የልኬት ሰነድ ይሁን። ርክክቡ በብርድ ወቅት ከሆነ ማቀዝቀዣው በሙሉ ጭነት ሊፈተሽ አይችልምና ለሙቀቱ ወቅት የሚቆይ መያዣ ገንዘብ አስቀሩ፤ ማሞቂያም እንዲሁ በተቃራኒው። ሰነዱን ጠብቁት፤ ኮምፕሬሰር ተቃጥሎ ዋስትና ስትጠይቁ ብዙ አምራቾች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ፈርማችሁ ከሆነስ? ኤሲውን በከፍተኛ ፋን ለ20 ደቂቃ አሠሩትና ወደ ውስጥ ክፍሉ የሚገባውንና የሚወጣውን አየር ሙቀት በቴርሞሜትር ለኩ፤ በማቀዝቀዝ ጊዜ ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ መካከል ይጠበቃል። የፍሌር ነቶቹን ዙሪያ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ፤ ዘይት ከነካ ከዘይቱ ጋር ጋዝም እየወጣ ሊሆን ይችላል። ቴክኒሻን ስትጠሩ «ጋዝ እንጨምርበት» ካለ፣ ፍሳሹን በአረፋ ወይም በመፈለጊያ መሣሪያ ሳያሳያችሁ፣ ጠግኖ ናይትሮጅንና ቫኪዩም ሳይደግም፣ ሲሊንደሩን እንዲያገናኝ አትፍቀዱ።