ድንገተኛ ክፍሉን እንዳየሁት

አባዬን ደረቱን አሞት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ በላዳ ይዘነው አዲስ አበባ ካሉት ሆስፒታሎች አንዱ ጋ ሄድን፣ ስሙ ይቅር። ትሪያጅ (የህመሙን ክብደት አይተው ተራ የሚሰጡበት) ላይ ያለችው ነርስ ካርድ እንኳን ሳናወጣ ፕሬዠሩን ለካች፣ ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያዋን ሰካችና ብርቱካናማ ብላ አስገባችው። የህመሙን አጣዳፊነት በቀለም የሚለይ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ አሰራር ነው፣ ቀይ ወዲያው፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት፣ እና እባካችሁ ቀድመን መጥተን ብላችሁ ከነርሶቹ ጋር አትጣሉ፣ ተራው በህመሙ ነው።

ያናደደኝ ኢሲጂው፣ የልብ መመርመሪያው ነው። የማሽኑ ወረቀት አልቆ 40 ደቂቃ ጠበቅን! ለደረት ህመም በ10 ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ ሐኪም ሊያየው ይገባል፣ የልብ ደም ስር ተዘግቶ ከሆነ ጡንቻው በየደቂቃው ነው የሚሞተው። አንድ ጥቅል ወረቀት እኮ ነው!

ዋርድ (አስተኝተው የሚያክሙበት ክፍል) አልጋ ስላልነበረ እስኪነጋ ስትሬቸር ላይ አደረ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሆኖ የዋርድ አልጋ እየጠበቁ መቆየት ሞት እንደሚጨምር ብዙ ጥናት አሳይቷል፣ ይሄ የነርሶቹ ጥፋት አይደለም። ሬዚደንቱን፣ ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማረ የሚያክመውን ሐኪም ግን አልረሳውም፣ በመጣ ቁጥር ጎንበስ ብሎ እጁን ይዞ "አባቴ፣ አሁንስ እንዴት ነው?" ይለው ነበር።