«ፕላቲነም» ለተባለ ወንበር እጥፍ ከመክፈላችሁ በፊት

የድሮ የሮክ ባንድ «ታርቀው ተመለሱ፣ ሊዞሩ ነው» ሲባል ልባችሁ የሚዘል፣ በተለይ እዚህ ለንደንና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ ካርዳችሁን ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ ተሸውጃለሁ። እናንተ ባትደግሙት ደስ ይለኛል።

ባንዱን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ወድጄዋለሁ። ሳሪስ ሳለን ታላቅ ወንድሜ ከሰፈር ልጅ ተውሶ በባዶ ካሴት ያስገለበጠውን፣ ክሩ እስኪበጠስ ነው የሰማነው። ስማቸውን አልጠራም፤ አሁንም እወዳቸዋለሁ። ሻጩንም አልጠራም፤ አቤቱታዬ ገና አልተቋጨም።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር፣ ሽያጩ የሚከፈተው በእኛ ሰዓት ሦስት፣ በነሱ ዘጠኝ። እኔ ሩብ ጉዳይ ላይ ገብቼ ተሰልፌአለሁ። ስክሪኑ ከፊቴ አርባ አንድ ሺህ ምናምን ሰው እንዳለ ነገረኝ። ባለቤቴ ቡና ቆላች፣ ወቀጠች፣ አፈላች፤ እኔ ከስልኩ አልተነሳሁም። በረካው ሲቀዳ ተራዬ ደረሰ። በማስታወቂያው ላይ ያየሁት ዋጋ 98 ፓውንድ ነበር፤ ወንድሜም ከሊድስ «ከመቶ በላይ ከሆነ ተወው» ብሎኛል። አሁን ግን 98 የሚል ነገር የለም። ያለው «ፕላቲነም» ነው፤ 238 ፓውንድ። ከላይ አንዲት ሰዓት ወደ ታች ትቆጥራለች፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልከፈልኩ ትኬቱ ለሌላ ሰው ይለቀቃል። ባለቤቴ «ምነው፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ። «ቆይ፣ አሁን አይደለም» አልኳትና ተጫንኩት። ሁለት ትኬት፣ 476 ፓውንድ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመውም አላገኘሁም።

ፕላቲነም ሲባል ምን መሰላችሁ? እኔ የመሰለኝ ፊት ለፊት፣ ምናልባት የተለየ መግቢያ፣ ቢያንስ ለስላሳ ወንበር ነው። በቀኑ ስንደርስ ከመድረኩ በስተግራ፣ ወደ ላይ ወጣ ብሎ፣ የድምፅ ማጉያው ግማሹን መድረክ የሚጋርድበት ቦታ ነው። በቀኜ የተቀመጡት ባልና ሚስት ከደርቢ የመጡ ናቸው። ጨዋታ ስንጀምር ስንት እንደገዙ ጠየቅኳቸው። 98። ያው ረድፍ፣ ያው ፕላስቲክ ወንበር፣ የእነሱና የእኔ ክርን የሚጋራው ያው መደገፊያ። ወንድሜ ወንበሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ፕላቲነሙ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ሦስት ዘፈን እስኪያልፍ አላናገርኩትም።

በኋላ ሳጣራ እኔ ልዩ ሞኝ አለመሆኔን ተረዳሁ። የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የኦኤሲስን ነገር ታስታውሳላችሁ። ወንድማማቾቹ ኖኤልና ሊያም ጋላገር በ2009 ተጣልተው ባንዱ ከፈረሰ ከ15 ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 2024 ላይ ሊዞሩ መሆኑ ተነገረና በዚያው ወር 31 ቀን ትኬቱ ለሽያጭ ወጣ። 148 ፓውንድ ከ50 የተባለው የመቆሚያ ትኬት፣ ሰው ሰዓታት ተሰልፎ ተራው ሲደርስ ከ355 ፓውንድ በላይ ሆኖ ጠበቀው። አገር ተንጫጫ። ወንድማማቾቹ ራሳቸው የዋጋውን ነገር ለአዘጋጆቹና ለሥራ አስኪያጆቻቸው እንደተዉትና እንዲህ እንደሚደረግ እንዳላወቁ ተናገሩ። እመኗቸው አትመኗቸው የእናንተ ጉዳይ ነው። ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲሻገሩ ግን ያንን የዋጋ ስልት አልተጠቀሙም።

የብሪታንያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን፣ ሲኤምኤ የሚሉት፣ በሴፕቴምበር 2024 ምርመራ ከፈተ። ያገኘውን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ የኔ ማስጠንቀቂያ ጠቅላላ እዚህ ላይ ነው የቆመው። ሰው ሁሉ «ኮምፒውተሩ እየቆጠረ በየደቂቃው ዋጋ ይቆልላል» ይል ነበር። ሲኤምኤ ለዚህ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። የሆነው ከዚያ የተራ ነገር ነው። የመቆሚያው ትኬት አስቀድሞ በሁለት ዋጋ ተመድቧል፤ ርካሹ ሲያልቅ ውዱ ይወጣል፤ ወረፋ ላይ ለቆመው ሰው ግን ይህን የነገረው የለም። ከወንበሮቹ ደግሞ የተወሰኑት «ፕላቲነም» የሚል ስም ተለጠፈባቸውና ከተራው ወንበር ወደ 2.5 እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ ተሸጡ። የተጨመረ ጥቅም የለም። ብዙ ጊዜም ከተራው ወንበር ጋር እዚያው አካባቢ ናቸው። የደርቢዎቹ ባልና ሚስትና እኔ ማለት ነው።

የኦኤሲስን ትኬት ከሸጡት አንዱ የሆነው ቲኬትማስተር በሴፕቴምበር 2025 ለሲኤምኤ ቃል ገባ፦ ዋጋው በደረጃ የተከፋፈለ ከሆነ ከሽያጩ 24 ሰዓት በፊት ይናገራል፤ ወረፋ ላይ ላሉት ስለ ዋጋው የተሻለ መረጃ ይሰጣል፤ የሚያሳስት ስም አይለጥፍም። ጥሩ ነው። ነገር ግን ይህ የአንድ ድርጅት ቃል ነው፤ በደረጃ በተከፋፈለ ዋጋ መሸጥን የከለከለም የለም። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ «ከ» የምትለውን ፊደል ፈልጉ። «ከ98 ፓውንድ ጀምሮ» ከተባለ፣ 98ቱ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች ነው፤ እናንተ የምትገቡት «ጀምሮ» ውስጥ ነው።

የባንዶቹን ክርክርም ልናገር፣ ፍትሐዊ እንድሆን። አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲንና ባንዱ ኢ ስትሪት ባንድ በ2022 ለአሜሪካ ዙራቸው ትኬት ሲሸጡ አንዳንዱ ወንበር እስከ 5,000 ዶላር ወጣ። ሰውየው ሲጠየቅ የሰጠው መልስ በአጭሩ፣ ይህን ገንዘብ እኔ ባልወስደው መልሶ ሻጩ ደላላ ይወስደዋል፣ ታዲያ መድረክ ላይ ሦስት ሰዓት ላቡን ለሚያፈሰው ቢሆን ምናለበት የሚል ነው። ክርክሩ ውሃ አይቋጥርም አልልም። ካሴትና ሲዲ እንደ ድሮው ገቢ አያስገቡም፤ ኑሯቸው ዙሩ ነው። ግን ደላላው ጠፋ ወይ? አልጠፋም። ደላላው እዚያው አለ፤ ባንዱም እንደ ደላላው ማስከፈል ጀመረ፤ መሃል ላይ የተጨመቀው ሠላሳ ዓመት ካሴት ሲገዛ የኖረው ነው። ስለ ስፕሪንግስቲን ከ1980 ጀምሮ ሲጽፍ የነበረው ባክስትሪትስ የተባለ የአድናቂዎች መጽሔት ከዚህ በኋላ፣ በ43 ዓመቱ፣ ልባችን ተሰበረ ብሎ በሩን ዘጋ። ይሄ ከጠላት የመጣ አይደለም፤ ከቤተሰብ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየው ደግሞ ዘ ኪውር የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ዘፋኝ ሮበርት ስሚዝ ነው። በ2023 በአሜሪካ ሲዞሩ ፕላቲነም የሚባል ነገር አልፈልግም አለ፣ አንዳንድ ቦታ ትኬቱን 20 ዶላር አደረገው። ከዚያ ምን ሆነ? አንድ ሰው አራት ትኬት በ80 ዶላር ሲገዛ የአገልግሎት፣ የአዳራሽና የምናምን ክፍያው 92 ዶላር መጣበት። ከበሬው ቀንዱ ከበደ። ስሚዝ በአደባባይ ተቆጣ፣ ቲኬትማስተርም ርካሹን ለገዙት 10 ዶላር፣ ለሌሎቹ 5 ዶላር መለሰ። ትንሽ ነው፤ ግን ዘፋኙ ሲፈልግ ዋጋው እንደሚነካ አየን። «በእኛ እጅ አይደለም» ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ።

አሜሪካ ላላችሁ፣ ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ በፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን ደንብ የትኬት ሻጭ ክፍያውን ሁሉ ደምሮ አንድ ዋጋ ማሳየት አለበት። እዚህ ብሪታንያም በዚያው ዓመት ከኤፕሪል ጀምሮ ግዴታ የሆነ ክፍያን መጨረሻ ላይ ብቅ ማድረግ በሕግ ተከልክሏል። ሁለቱም ዋጋውን ይገልጡታል እንጂ አያወርዱትም። መጨረሻው ገጽ ላይ አዲስ ክፍያ ብቅ ካለባችሁ ግን ስክሪኑን ፎቶ አንሱ፤ ለአቤቱታ ይጠቅማችኋል።

አሁን ወደ አየር ባየሩ ልምጣ። ስም ባላቸው የዳግም ሽያጭ ገጾች ላይ፣ ትኬቱ ገና ለሽያጭ ሳይወጣ «ብሎክ 112፣ 2 ትኬት አለ» ብሎ የለጠፈ ሰው ታገኛላችሁ። ከየት አመጣው? አላመጣውም። መርካቶ ውስጥ በእጁ የሌለውን ብረት እንደሚሸጥ ነጋዴ፣ መጀመሪያ ከእናንተ ይቀበላል፣ ከዚያ ረክሶ ካገኘ ይገዛላችኋል፣ ካላገኘ ይሰርዝባችኋል። ገንዘባችሁ ይመለስ ይሆናል፤ የከፈላችሁት ባቡርና ሆቴል ግን አይመለስም። አንድ የማውቀው ልጅ ካርዲፍ ድረስ ሄዶ በር ላይ ነው ትኬቱ እንደተሰረዘ ያወቀው። የኦኤሲስ አዘጋጆች ከተፈቀዱት ሁለት ገጾች ውጭ የተሸጠ ትኬት ሊሰረዝ እንደሚችል ከመጀመሪያው ተናግረው ነበር፤ ሁለቱም በተጻፈበት ዋጋ የሚሸጥባቸው ናቸው። የብሪታንያ መንግሥት ከተጻፈበት በላይ መሸጥን በሕግ ሊከለክል እንዳሰበ በኖቬምበር 2025 አስታውቋል። ሕጉን አምናችሁ ግን ዛሬ ካርድ አታውጡ።

አከፋፈሉ ላይ ይህን ያዙ። እዚህ አገር በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት፣ የአንዱ ትኬት ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነና በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ፣ ሻጩ ቃሉን ሲያጥፍ ካርዱን የሰጣችሁ ተቋም አብሮ ይጠየቃል። ሁለት ትኬት በ60 በ60 ገዝታችሁ 120 ቢመጣ አይቆጠርም፤ ሂሳቡ በአንዱ ነው። በመሃል አሻሻጭ ካለም ይከራከሯችኋል። በባንክ ዝውውር ለማታውቁት ሰው መላክ ግን ገንዘቡን ቴምዝ ወንዝ ውስጥ መጣል ነው። «አሁን ውሰድ በሦስት ወር ክፈል» የሚለውንም ቁልፍ ተጠንቀቁ፤ ለሁለት ሰዓት ዘፈን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

እኔ አሁን የማደርገው ቀላል ነው። ከሽያጩ በፊት በነበረው ማታ ከወንድሜ ጋር ተደዋውለን አንድ ቁጥር እንስማማለን፣ እኔ በወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ እለጥፋለሁ። ሰዓቲቱ ስትቆጥር የምታነቡት ወረቀቱን ነው። ቁጥሩ ካለፈ ገጹን መዝጋት። ሁለተኛው፣ መታገስ ነው። አዘጋጆች ለመድረኩና ለካሜራው ብለው የሚይዙት ወንበር አለ፤ መድረኩ ከተተከለ በኋላ የማያስፈልገውን በመጨረሻዎቹ ቀናት ይለቁታል፣ ብዙ ጊዜ በተራው ዋጋ። እኔ ያንን 238 በከፈልኩበት ኮንሰርት፣ ሊድስ ያለ የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ከሁለት ቀን በፊት በ98 ገዝቶ ከእኛ የተሻለ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር። ለሁሉም ይሠራል አልልም፤ ባዶ እጃችሁን የምትቀሩበትም ቀን ይኖራል።

አንዳንዴ ወንድሜ የ77ቱን ድርቅ ያነሳል። ጁላይ 13 ቀን 1985 ዌምብሌይ ላይ ለእኛ ሰው ተብሎ ላይቭ ኤይድ ሲደረግ፣ እነ ኩዊንና ዩቱ የዘፈኑበት ትኬት 25 ፓውንድ ነበር፤ 5ቱ መግቢያ፣ 20ው ለተራበው። ገንዘቡ ያኔ የነበረው ዋጋ ዛሬ የለውም፣ አውቃለሁ። ግን ትኬቱ ላይ የተጻፈው ምን ለምን እንደሆነ ይናገር ነበር። የኔ ትኬት ላይ 140 ፓውንዱ ለምን እንደተጨመረ የሚናገር አንድ መስመር የለም።

ለአቤቱታዬ የመጣው የመጀመሪያ መልስ «ዋጋው ከመክፈልዎ በፊት በግልጽ ታይቷል» የሚል ነው። እኔም የወንበራችንን ቁጥር ከጎናችን ካሉት ጋር አያይዤ መልሼ ጽፌአለሁ። እንዲህ ባለ ጉዳይ ገንዘብ የተመለሰለት ሰው ካለ፣ ደብዳቤውን እንዴት አድርጎ እንደጻፈው ይንገረኝ።