አዲስ ነርስ ለሆነች እህት፦ ማዋራት ይሻላል ወይስ ዝም ብሎ ማገዝ?
እህቴ እዚህ ሜሪላንድ ኤንክሌክስ (የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን) አልፋ ሆስፒታል ገባች፣ ናይት ሺፍት ናት፣ ከማታ 1 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ማለት ነው፣ ግን ሪፖርት አስረክባ ቻርቲንጓን (የበሽተኞቹን መዝገብ መሙላቱን) ጨርሳ እስክትወጣ 2 ሰዓት ያልፋል። እማዬ ማዋራቱን ነው የያዘችው፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ "እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?" አንጀቷ አልችል ብሎ እኮ ነው፣ ግን ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ጥያቄ ስትመልስ ነው ያደረችው።

ሌላው ማገዝ ነው፣ ፍርፍሯን መቋጠር፣ መኝታ ቤቱን በወፍራም መጋረጃ ማጨለም፣ ዘመድ እንዳይደውል መንገር (ይሄ ነው ከባዱ፣ እሷ የምትተኛው አዲስ አበባ ሲመሽ ነው፣ ሁሉም ከስራ ገብቶ ስልክ የሚያነሳበት ሰዓት)። ለመጀመሪያዎቹ ወራት እኔ ይሄን እመርጣለሁ፣ ወሬው ኦፍ ባላት ቀን ቡና ተፈልቶ ራሷ ስትጀምረው ይደርሳል።

በሽተኛ የሞተባት ቀን ግን ይለያል፣ ያኔ ፍርፍሩ ይቆይና አጠገቧ ቁጭ በሉ። የበሽተኛውን ስም ብቻ አትጠይቋት፣ ሂፓ የሚባል የበሽተኛን ሚስጥር የሚጠብቅ ህግ አለ፣ ብትናገር ስራዋን ልታጣ ትችላለች።